የሩብ ዓመት ሪፖርቱ ሁሌ ያምራል፣ ሰፈሩ ግን ያው ነው። ምን ብዬ ልጠይቅ?

አዲሷ ተመራጭ

ሰላም ለሁላችሁ። የአካባቢ ምክር ቤት አባል ሆኜ ከተመረጥኩ ስምንት ወሬ ነው። የተመደብኩት የአገልግሎት አሰጣጥን በሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ነው። በየሦስት ወሩ ከጽሕፈት ቤቱ ሪፖርት ይመጣልናል። ያለፈው 64 ገጽ ነበር። ቆሻሻ ማንሳት፣ የመንገድ መብራት፣ የልደት ምዝገባ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ ሁሉም በሰንጠረዥ ተደርድሯል። አብዛኛው አረንጓዴ ነው፤ ግቡ ተሳክቷል ማለት ነው። ስለ መንገድ መብራት «ከቀረቡት አቤቱታዎች 96 በመቶው በ5 ቀን ውስጥ ምላሽ አግኝተዋል» ይላል።

እኔ ግን ማታ ቤቴ የምገባው በስልኬ መብራት ነው። ከዋናው መንገድ እስከ በሬ ድረስ ያሉት አራት ምሰሶዎች ከጠፉ ሁለት ወር አልፏቸዋል። ጎረቤቶቼ «አንቺ እዚያ ገብተሽ ምን ትሠሪያለሽ?» ይሉኛል። መልስ አጣሁ። ስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ ስናገር ኃላፊው «የተናጠል ችግር ነው፣ ይያዝልን» ብለው አለፉት።

ውሸታም ልላቸው አልፈልግም። ሰዎቹ ሲለፉ በዓይኔ አያለሁ። ግን ሪፖርቱንና መንገዱን ማስታረቅ አቃተኝ። አንድ የምክር ቤት አባል አፈጻጸምን በትክክል የሚከታተለው እንዴት ነው? የትኛውን ቁጥር ልመን?

ጡረተኛው ኦዲተር

እህቴ፣ ጥያቄሽ ልቤን ነካው። 22 ዓመት በውስጥ ኦዲት ሠርቻለሁ። የምነግርሽ ከዚያው ያየሁትን ነው።

ቁጥሩን ከማመንሽም ከመጠርጠርሽም በፊት «ምላሽ አግኝተዋል» የምትለዋን ቃል ያዢ። ነገሩ ያለው እሷ ጋ ነው። ምላሽ ማለት ምንድን ነው? ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው መቼ ነው? የሚቆመውስ?

አንድ ጊዜ ልክ እንዳንቺው የመብራት ሪፖርት ደረሰኝ። ያማረ ነበር። የአቤቱታ መዝገቡን አስመጣሁ። ጠርዙ በእጅ ብዛት የጠቆረ፣ ወፍራም መዝገብ ነው። የመጨረሻው ዓምድ «የተዘጋበት ቀን» ይላል። ከላይ እስከ ታች በአንድ ሰው እጅ ጽሑፍ ተሞልቷል። ከእያንዳንዱ ቀን ጎን በትንሹ «ለጥገና ክፍል ተመርቷል» የሚል አለ። ያኔ ገባኝ። ጉዳዩ የሚዘጋው አምፖሉ ሲበራ አልነበረም። ወረቀቱ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲሻገር ነው።

በየአሥረኛው መስመር እየዘለልኩ 30 ስልክ ቁጥር ወሰድኩና ራሴ ደወልኩ። መብራት የበራላቸው 11 ብቻ ነበሩ። አንዲት እናት «ልጄ፣ እኔ እኮ ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ» አሉኝ። መዝገቡን ገለጥኩ። እውነትም ስማቸው ሦስት ቦታ አለ። ሦስቱም ተዘግቷል። የእሳቸው አንድ የጠፋ አምፖል ለሪፖርቱ ሦስት ስኬት ሆኖ ገብቷል። ያንን ቀን አልረሳውም።

ደግሞ ማንም አልዋሸም። መዝገብ ያዡ ቁጠር የተባለውን ነው የቆጠረው። ስለዚህ ከሰው ጋር አትጣዪ። የመለኪያውን ትርጉም በጽሑፍ ጠይቂ። «ተዘጋ» የሚባለው አመልካቹ ራሱ «አዎ፣ ተሠርቷል» ሲል እንዲሆን አስወስኚ። ከዚያ ወዲያ 96 የነበረው ወርዶ 50 ቢሆን አትደንግጪ። ለእኔ እውነተኛው 50 ይሻለኛል።

ዕቅድ ክፍል ነኝ

እኔ እንዲህ ዓይነቱን ሪፖርት የምሞላ ሰው ነኝ። ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ግን ከእኛ ወገን ያለውንም ስሙልን።

እባካችሁ ተጨማሪ አመላካች አትጠይቁን። በየሩብ ዓመቱ የምንሞላው ሰንጠረዥ በዝቶ ሥራውን ራሱን በልቶታል። ሌላ አገርም ይኸው ሆኗል። እንግሊዝ ውስጥ በ2008 እ.ኤ.አ. የአካባቢ ምክር ቤቶች የሚለኩባቸው አገር አቀፍ አመላካቾች 198 ነበሩ። ያውም ተቀንሰው ነው። በ2010 አዲስ መንግሥት ሲመጣ ተሰረዙ። ምክር ቤቶቹን ይመረምር የነበረው የኦዲት ኮሚሽንም በ2015 ተዘጋ።

ሁለተኛው ነገር ፍርሃት ነው። ቀይ ያሳየ ክፍል ስብሰባ ላይ ይሸማቀቃል። ስለዚህ ሁሉም በዓመቱ መጀመሪያ ዝቅ ያለ ግብ ያስይዛል። ዝቅ ያለ ግብ ደግሞ ሁሌም አረንጓዴ ነው። ቀይ ስታዪ መጀመሪያ «ምን ጎደላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። እኛ ጋ ጥገናው የዘገየው ለመኪናው ነዳጅ በጀት ስላልተያዘ የነበረበት ጊዜ አለ። ያንን ማንም ስላልጠየቀን ሪፖርቱ ላይ ቦታ አልነበረውም።

አዲሷ ተመራጭ

ሁለታችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የመዝገቡ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ሰኞ መዝገቡን ለማየት በደብዳቤ እጠይቃለሁ። ግን አንድ ነገር ይጨምሩልኝ። አንዴ ደውዬ ባጣራ፣ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ወደ ነበረበት አይመለስም? ኮሚቴያችን የሚሰበሰበው በሦስት ወር አንዴ ነው።

ጡረተኛው ኦዲተር

ይመለሳል እንጂ! ዋናው ጭንቀት እሱ ነው። ሦስት ወር ሩቅ ነው፤ በመሐል ሁሉም ይረሳል። በአሜሪካ የባልቲሞር ከተማ ከንቲባ ማርቲን ኦማሊ በ2000 እ.ኤ.አ. ሲቲስታት የሚባል አሠራር ጀምረው ነበር። የየክፍሉ ኃላፊዎች በየሁለት ሳምንቱ ቁጥራቸውን ይዘው ይቀርቡ ነበር። እኔ የምወድለት የስብሰባውን ድግግሞሽ ነው። ባለፈው የተጠየቀው ጥያቄ በሚቀጥለው ስብሰባ ተመልሶ ይመጣ ነበር። «ይያዝልን» ብሎ ማለፍ አይቻልም ነበር። እናንተ በየሁለት ሳምንቱ ባትችሉ እንኳ ስለ አንድ አገልግሎት ብቻ በየወሩ አንድ ሰዓት ተቀመጡ።

ሌላው ነዋሪውን ራሱን መጠየቅ ነው። ህንድ አገር ባንጋሎር ውስጥ ሳሙኤል ፖል የሚባሉ ምሁር በ1994 እ.ኤ.አ. ነዋሪዎች ለውሃው፣ ለመብራቱ፣ ለሌላውም አገልግሎት ሰጪ ውጤት እንዲሰጡ አደረጉ። ልክ እንደ ተማሪ ሰርተፍኬት ማለት ነው። ውጤቱ መጥፎ ነበር፤ ለሕዝብም ወጣ። በ1999 እንደገና ጠየቁ፤ ብዙም ፈቀቅ አላለም። በ2003 ሲጠይቁ ነው ጉልህ መሻሻል የታየው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳይሰለቹ መመለሳቸውን አስቢው።

አማካይ ቁጥር ብቻ አትቀበዪ። በየሰፈሩ ተከፋፍሎ ይምጣልሽ፤ ከሁሉም በላይ የጠበቀው ሰው ስንት ቀን እንደጠበቀም ይጻፍ። አራቱ ምሰሶዎችሽ የተደበቁት አማካዩ ውስጥ ነው። የነዳጁ ነገርም ይታይ። የዕቅድ ክፍሏ ልጅ ያለችው እውነት ነው፤ በሪፖርቱ ላይ «ያልተሠራበት ምክንያት» የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር።

ለመዝገቡ ደግሞ የአምናውን ጭምር ጠይቂ። ስልኩን ስትደውዪ ከመሸ በኋላ ይሁን። ቀን ከደወልሽላቸው ብዙዎቹ «ሳይበራ አይቀርም» ነው የሚሉሽ። ማታ ሲሆን በመስኮት አይተው ይነግሩሻል።