«ለሦስት አስር ጉዳይ» ያስቸገራት ልጄ

ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት። ቤታችን ያለው የግድግዳ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር የተሞላ ነው፤ ትምህርት ቤት ደግሞ በፈረንጆቹ ያስተምሯታል። እሱ እንኳ አልከበዳትም። ከቁጥሩ ትይዩ ያለውን ታነባለች፦ ለአንድ ሰባት፣ ለሦስት ዘጠኝ። እኔ ራሴ እንደሷ አልፈጥንም።

ያስቸገራት ሌላ ነው። ለሦስት አስር ጉዳይ ሲሆን ትንሹ ቆጣሪ ሦስትን ሊነካ ምንም አይቀረው። እሷም ቁርጥ አድርጋ «ሦስት ሰዓት ከሃምሳ» ትለኛለች። ከካርቶን ሰዓት ሠራንላት። ግን ቆጣሪዎቹ ለየብቻ ስለሚዞሩ ትልቁን አስር ላይ ታደርግና ትንሹን ሦስት ላይ ትገትረዋለች። እውነተኛውን ሰዓት አውርጄ ከጀርባው እያዞርኩ ሁለቱ አብረው ሲሄዱ አሳየኋት። ገባኝ አለች፤ ማግስቱን ያው «ሦስት ከሃምሳ»።

ትልልቆቹ ቁጥሮች ላይ ሳትቸኩል፣ ሦስት ሰዓት ገና እንዳልሞላ ከትንሹ ቆጣሪ እንድታውቅ በምን መንገድ ላስተምራት?