ሜምቴስት «ስሕተት የለም» ያለው ሰርቨር ለምን ራሱን ሪስታርት ያደርጋል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ለገጣፎ ዳር ባለ አንድ የግል ክሊኒክ የኮምፒውተሩን ሥራ የምከታተለው እኔ ነኝ። የሕሙማን ካርድ የሚቀመጥበት ሰርቨር ያገለገለ ሆኖ የተገዛ ሲሆን፣ ኢሲሲ ራም (የራሱን ስሕተት የሚያርም ራም) እና በሬድ 1 (አንዱን መረጃ በሁለቱም ላይ በሚጽፍ ስልት) የተጣመሩ ሁለት ሃርድ ዲስኮች አሉት። ባለፉት ሦስት ሳምንታት መብራት ሳይጠፋ ሁለት ጊዜ ራሱን ሪስታርት አድርጓል። ሌሊቱን ሙሉ ራም በሚመረምረው ፕሮግራም በሜምቴስት86 ፕላስ ብፈትሸው አንድም ስሕተት አላሳየም፤ ቢኤምሲው (የሰርቨሩን ጤንነት የሚከታተለው ቺፕ) በሚይዘው የክስተት መዝገብ ላይ ግን የታረመ የራም ስሕተት እንደነበረ ደጋግሞ ተጽፏል። ከታረመ ልተወው ወይስ ራሙን ልቀይር? ታማሚ ቆሞ እየጠበቀ ካርዱ አልከፈት እንዲል አልፈልግም።

መልስ፣ ከሰበታ፦
በፍጹም አይተዉት። ኢሲሲ ራም ለየ64 ቢት መረጃ 8 የመቆጣጠሪያ ቢቶች ይይዛል፤ አንድ ቢት ሲሳሳት ወዲያው ያርመዋል፤ ሁለት ቢቶች አብረው ሲሳሳቱ ግን ስሕተት መኖሩን ከማወቅ በቀር ሊያርመው አይችልም፤ ያን ጊዜ ሰርቨሩ የተበላሸ መረጃ ይዞ ከሚቀጥል ሥራውን ያቋርጣል። ሁለቱ ሪስታርቶች ከዚህ የመጡ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ በየሰዓታቸው መዝገቡ ላይ ያልታረመ ስሕተት ተጽፎ እንደሆነ ይመልከቱ። ሜምቴስት ምንም ያላገኘው ራሙ ጤነኛ ስለሆነ ላይሆን ይችላል፤ ስሕተቱ ፕሮግራሙ ዘንድ ሳይደርስ ታርሞ ያልፋልና።

መዝገቡ ስሕተቱ የታየበትን ስሎት (ራሙ የሚሰካበትን ቦታ) ስም ይነግርዎታል። ሰርቨሩን ከመክፈትዎ በፊት ባክአፕ ይውሰዱ፤ ሬድ 1 የተሳሳተውንም መረጃ በሁለቱም ዲስኮች ላይ እኩል ስለሚጽፍ ባክአፕ አይደለም። ከዚያም የተጠረጠረውን ራም ከሌላ ስሎት ራም ጋር ቦታ ያለዋውጡና ጥቂት ቀናት ይጠብቁ። ስሕተቱ ራሙን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የራሙ ነው፤ በቀድሞው ስሎት ከቀረ ማዘርቦርዱን ወይም ፕሮሰሰሩን ይጠርጥሩ። ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ ራሙ በደንብ ሳይገባ ቆይቶ ይሆናል።

መልስ፣ ከቃሊቲ፦
በከፍታ ቦታ የጠፈር ጨረር አልፎ አልፎ ቢት እንደሚገለብጥ ይታወቃል፤ እሱ ግን በዘፈቀደ የሚደርስ ስለሆነ አንድ ስሎት ላይ አይመላለስም። እኔ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሙቀቱ ነው። ብዙ ሰርቨሮች የሚሠሩበት ኤ2 የተባለው የሙቀት ደረጃ እስከ 35 ዲግሪ የሚደርስ የክፍል አየር ይፈቅዳል፤ ይህ ወሰን ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ900 ሜትር ጀምሮ በየ300 ሜትሩ በ1 ዲግሪ ይቀንሳል፤ አየሩ ሲሳሳ ያው ማራገቢያ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳልና። እናንተ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆናችሁ ወሰናችሁ 30 ዲግሪ ነው ማለት ነው። ሁለት ፓወር ሰፕላይ ካለውም ሁለቱን በአንድ ዩፒኤስ ላይ አይሰኩ። ለዲስኮቹም ረጅሙን የስማርት ምርመራ (ዲስኩ ራሱን የሚፈትሽበትን) ያስኬዱ።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ራሞቹን ባለዋወጥሁ በአራተኛው ቀን ስሕተቱ በአዲሱ ስሎት ስም ተመዘገበ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የራሙ ነው። በሁለቱም ሪስታርቶች ሰዓት ያልታረመ ስሕተት ተጽፎ አግኝቻለሁ። የክፍሉ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ እኩለ ቀን ላይ 31 ዲግሪ ለካሁ፤ ሰርቨሩን በሰሜን በኩል ወዳለው ክፍል አዛውሬዋለሁ። ምትኩ እስኪመጣ የታመመውን ራም አውጥቼ በቀሩት እየሠራሁ ነው።