ከተፈጥሮ አደጋ በኋላ ወረርሽኝ የሚነሣው ለምንድን ነው? አንዳንዴስ የማይነሣው?

ጠያቂ (የበጎ ፈቃደኞች አስተባባሪ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለበጎ ፈቃደኞች የምሰጠውን አጭር ገለጻ በማዘጋጀት ላይ ሳለሁ ያልተፈታልኝን ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ታላቅ አደጋ በደረሰ ቁጥር «አስከሬኖቹ በአስቸኳይ ካልተቀበሩ ወረርሽኝ ይነሣል» የሚል ማስጠንቀቂያ ይደጋገማል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 በሊቢያዋ ደርና ሁለት ግድቦች ተደርምሰው ጎርፉ ሰፈሮችን ከነነዋሪዎቻቸው ወደ ባሕር ጠርጎ በወሰደ ጊዜም ይኸው ተነገረ፤ ብዙዎችም ማንነታቸው ሳይለይ በጅምላ ተቀበሩ።

ግራ ያጋባኝ ግን ታሪኩ ከማስጠንቀቂያው ጋር አለመስማማቱ ነው። ዲሴምበር 26 ቀን 2004 በሕንድ ውቅያኖስ የተነሣው ሱናሚ በ14 አገሮች ወደ 230,000 የሚጠጋ ሰው ገድሎ ሳለ የተፈራው ታላቅ ወረርሽኝ አልመጣም። በአንጻሩ ሄይቲ በጃንዋሪ 2010 በርዕደ መሬት ከተመታች ከዘጠኝ ወራት በኋላ፣ ሟቾቹ ከተቀበሩ ከብዙ ጊዜ በኋላ ማለት ነው፣ ኮሌራ ተነሥቶ በተከታዮቹ ዓመታት ከ800,000 በላይ ሰዎችን አሳመመ፤ ወደ 10,000 የሚጠጉትንም ገደለ። ልዩነቱ ከምን የመጣ ነው? ለሰዎች የተሳሳተ ነገር ማስተማር ስለማልፈልግ በሙያው ያላችሁ ብታስረዱኝ ትልቅ ውለታ ነው።

የማኅበረሰብ ጤና መምህር፦

ጠያቂያችን፣ ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። በርዕደ መሬት፣ በጎርፍ ወይም በማዕበል የሞተ ሰው የሞተው በጉዳት ወይም በመስጠም እንጂ በተላላፊ በሽታ አይደለም። በሕይወት ሳለ ያልነበረበትን የኮሌራ ወይም የታይፎይድ ተሕዋስ ሞት አይፈጥርበትም፤ አብዛኞቹ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንም በሞተ አካል ውስጥ ብዙ አይቆዩም። አስከሬን የመጠጥ ውኃ ምንጭ ውስጥ ከገባ ውኃው ሊበከል ስለሚችል ማውጣትና ውኃውን ማከም ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ይህ አንድን ሕዝብ በጅምላ ለመቅበር የሚያስቸኩል ምክንያት አይሆንም። በደርናው አደጋ ሰሞን የዓለም ጤና ድርጅት፣ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ እና የቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ማኅበራት ፌዴሬሽን በጋራ መግለጫ አውጥተው ባለሥልጣናቱ ጅምላ ቀብርን እንዲያቆሙ የጠየቁት ስለዚሁ ነው።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ስሕተቱ ጉዳት ስላለው ነው። ልጇ የት እንደተቀበረ የማታውቅ እናት ሐዘኗን አትጨርስም፤ የባሏ ሞት በሰነድ ያልተረጋገጠላት ሴት ውርስም ሆነ ድጎማ ለመጠየቅ ትቸገራለች። የሌለ ወረርሽኝን ፈርቶ ይህን ማድረግ በሐዘንተኞች ቁስል ላይ እንጨት መስደድ ነው። ሟቹን ፎቶ ማንሣት፣ ልብሱንና ምልክቱን መመዝገብ፣ በቁጥር በተለየ መቃብር ማሳረፍ፣ ይህ ሁሉ ጥቂት ቀናት ቢወስድ በሕዝብ ጤና ላይ የሚያመጣው አደጋ የለም።

ወደ ሄይቲ ስንመለስ፣ ኮሌራው የርዕደ መሬቱ ልጅ አይደለም። በአገሪቱ ቢያንስ ለመቶ ዓመት ኮሌራ አልተመዘገበም ነበር፤ ተሕዋሱ በሌለበት ደግሞ መንቀጥቀጥ ብቻውን ወረርሽኝ አያመጣም። በሽታው የጀመረው ከርዕደ መሬቱ ማእከል ርቆ በሚርባሌ አካባቢ ሲሆን፣ እዚያ የነበረው የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች ሰፈር ፍሳሹ ወደ ወንዝ ይገባ ነበር፤ ወታደሮቹም በወቅቱ ኮሌራ ከነበረባት ከኔፓል የመጡ ነበሩ። ተሕዋሱ በዚያ ገባር ወንዝ በኩል ወደ ትልቁ የአርቲቦኒት ወንዝ ደረሰ፤ ከዚያም ያን ወንዝ የሚጠጣውና በውኃው ሩዝ የሚያለማው ገበሬ ሁሉ ተጋለጠ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት በዋና ከተማዋ የነበሩት የርዕደ መሬቱ ተፈናቃዮች መጠለያዎች ሁሉም ከፈራው በተቃራኒ በአንጻራዊነት ቀለል ባለ ሁኔታ ማለፋቸው ነው፤ ለእነርሱ በክሎሪን የታከመ ውኃ ይቀርብላቸው ነበርና። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ባን ኪ-ሙን የሄይቲን ሕዝብ ይቅርታ የጠየቁት በዲሴምበር 2016፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። በእኔ እምነት ይህ መዘግየት ራሱ የሰብዓዊ ጉዳቱ አካል ነው።

የውኃና የንጽሕና ባለሙያ፦

መምህሩ ባሉት ላይ የምጨምረው በመጠለያ ጣቢያዎች ከሠራሁበት ልምድ ነው። ወረርሽኝ የሚከተለው አደጋውን ሳይሆን መፈናቀሉን ነው። ሰው ከቤቱ ወጥቶ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ተጠጋግቶ፣ በቂ ውኃና መጸዳጃ በሌለበት ሲሰፍር ተሕዋሱ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚደርስበት መንገድ ያጥራል። በሙያችን የምንመራባቸው ዝቅተኛ መለኪያዎች ቀላል ናቸው፤ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ውኃ፣ ቢበዛ ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ። ቀላል ይምሰሉ እንጂ በአንድ ሳምንት ውስጥ መቶ ሺህ ሰው ሜዳ ላይ ሲወርድ ምን ማለት እንደሆኑ አስቡት፤ በየዕለቱ አንድ ሚሊዮን ተኩል ሊትር የታከመ ውኃ እና አምስት ሺህ መጸዳጃ ማለት ነው።

ሳይሟላ ሲቀር የሚሆነውን ዓለም በጁላይ 1994 በያኔዋ ዛየር፣ በዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ፣ ጎማ በተባለች ከተማ አይቷል። ከሩዋንዳ የሸሹ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንበር ተሻግረው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ሰፈሩ። ድንጋዩ መጸዳጃ ለመቆፈርም መቃብር ለማውጣትም አይበገርም ነበር፤ የሚጠጣውም የኪቩ ሐይቅ ውኃ ነበር። በመጀመሪያው ወር ብቻ ወደ 50,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ፤ አብዛኛው በኮሌራና በደም ተቅማጥ። ይህ የጦርነት እንጂ የተፈጥሮ አደጋ አልነበረም፤ ለተሕዋሱ ግን ልዩነት የለውም።

የሚያንገበግበኝ ኮሌራ በርካሽ የሚታከም በሽታ መሆኑ ነው። በ1971 ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹ ሰዎች በሕንድ ድንበር በሰፈሩበት ጣቢያ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅ፣ ሕንዳዊው ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ስኳር በመጠን የተቀላቀለበትን ውኃ ቤተሰቦች ራሳቸው ለታማሚዎቻቸው እንዲያጠጡ አደረገ፤ 30 በመቶ ገደማ የነበረው የሟቾች ድርሻም ወደ 4 በመቶ ገደማ ወረደ። ዛሬ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የምንለው ይኸው ነው። ሕክምና በጊዜ ካገኙ ከመቶ የኮሌራ ታማሚዎች አንድ እንኳ መሞት የለበትም።

ስለ ሱናሚው ለጠየቁት፣ በኢንዶኔዥያዋ አቼህ ምንም አልተከሰተም ማለት ግን አይደለም። በፍርስራሹ የቆሰሉ ሰዎች መካከል መንጋጋ ቆልፍ ገብቶ 106 ሰዎችን ይዞ 20ዎቹን ገድሏል። ታላቁ ወረርሽኝ የቀረው ውኃ ቶሎ በመድረሱ፣ የኩፍኝ ክትባት ወዲያው በመጀመሩና የበሽታ ቅኝት በመዘርጋቱ ነው። አንዳንዱ በሽታ ደግሞ ዘግይቶ ይመጣል። በ2022 ፓኪስታን 33 ሚሊዮን ሰዎችን በነካ ጎርፍ ከተጥለቀለቀች በኋላ የወባ ታማሚዎች ቁጥር ከቀደመው ዓመት አምስት እጥፍ ገደማ ደረሰ፤ የተኛው ውኃ ለትንኝ መራቢያ ሆኖ ከረመና። ያን ጊዜ ካሜራዎቹ ሄደዋል።

አዋላጅ ነርስ፦

አስከሬን በሽታ አያስተላልፍም የሚለው ልዩ ሁኔታው ሳይጠቀስ በገለጻዎ ውስጥ እንዳይገባ እለምንዎታለሁ። በኢቦላ የሞተ ሰው አካል እጅግ ተላላፊ ነው። ከ2014 እስከ 2016 በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ከ11,000 በላይ ሰዎች በሞቱበት ወረርሽኝ ሟችን የማጠብና የመሰናበት ሥርዓት ብዙዎችን ለበሽታው አጋልጧል። መጀመሪያ ላይ የመከላከያ ልብስ የለበሱ ሰዎች መጥተው አስከሬኑን ያለ አንድ ቃል ሲወስዱ ቤተሰብ ሟቹን መደበቅ ጀመረ። ነገሩ የተሻሻለው ቤተሰብ በርቀት ሆኖ እንዲያይ፣ የሃይማኖት አባት እንዲጸልይ፣ መቃብሩ ስም እንዲኖረው ሲደረግ ነው። ስለዚህ በደርናም ሆነ በላይቤሪያዋ ሞንሮቪያ ሟችን ማክበር ጤናን ከመጠበቅ ጋር አልተጣላም።

ሌላው ከቁጥሩ ጀርባ የሚቀረው ሞት ነው። በዚያ ወረርሽኝ ከ500 በላይ የጤና ባለሙያዎች ሞተዋል፤ ቀድሞውኑ ሐኪምና ነርስ ባነሰባቸው አገሮች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለሙያ ባልደረቦቼ መንገር አያስፈልገኝም። ነፍሰ ጡሮች ጤና ጣቢያውን ፈሩ፤ ደምና ፈሳሽ የሚነካው አዋላጅም ወላዷን ፈራ። የወባና የክትባት አገልግሎት ተቋረጠ። በኢቦላ ሳይያዙ በኢቦላ ምክንያት የሞቱት እነዚህ ናቸው።

ትኩረታችንም ሚዛን የለውም። በምሥራቅ ኮንጎ ከ2018 እስከ 2020 በቆየው የኢቦላ ወረርሽኝ ወደ 2,300 የሚጠጉ ሰዎች ሲሞቱ የዓለም ዓይን እዚያው ላይ ነበር። በዚያው አገር ከ2019 መጀመሪያ አንሥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ኩፍኝ ከ6,000 በላይ ሰዎችን፣ አብዛኞቹን ሕፃናት፣ ገደለ። ኩፍኝ ከብዙ አሥርት ዓመታት ጀምሮ ክትባት ያለው በሽታ ነው። ስለነዚያ ልጆች የሰማ ስንት ሰው አለ?

ጠያቂ (የበጎ ፈቃደኞች አስተባባሪ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ አስከሬን የጻፍኩትን ገጽ ሙሉ በሙሉ እቀይረዋለሁ፤ የኢቦላውንም ልዩነት አስገባለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። አባሎቻችን አደጋ በሰሙ ቁጥር ልብስና መድኃኒት ሰብስበው ለመላክ ይነሣሉ። ቅን ልባቸውን ሳላቀዘቅዝ ምን ልበላቸው?

የማኅበረሰብ ጤና መምህር፦

የአርሜኒያን ታሪክ ይንገሯቸው። በዲሴምበር 1988 ወደ 25,000 ሰዎች ከሞቱበት ርዕደ መሬት በኋላ ወደ አገሪቱ 5,000 ቶን ገደማ መድኃኒትና የሕክምና ቁሳቁስ ተላከ። ወዲያው ሊጠቅም የቻለው 30 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር፤ ምን እንደመጣ ለመለየት ብቻ 50 ሰዎች ስድስት ወር ሠሩ፤ በመጨረሻም አንድ አምስተኛው እንዲወገድ ተደረገ። የላኩት ሁሉ ደግ ሰዎች ነበሩ። ያልተጠየቀ ዕቃ ግን ማረፊያ ሜዳውን፣ መጋዘኑንና የባለሙያውን ጊዜ ከሚያስፈልገው ነገር ይሻማል። በቦታው ለሚሠራ የታመነ ድርጅት ገንዘብ መላክ ይሻላል፤ ገበያው በሚሠራበት ቦታም ቤተሰቡ የሚጎድለውን ራሱ ያውቃል።

ከዚያ የሚበልጠው ግን ከአደጋው በፊት የሚሰጠው ነው። በፌብሩዋሪ 2010 በቺሊ የደረሰው ርዕደ መሬት መጠኑ 8.8 ሲሆን ከሄይቲው 7.0 ጋር ሲነጻጸር 500 እጥፍ ገደማ ኃይል ነበረው፤ የሞቱት ግን 525 ያህል ናቸው። ቺሊ ከቀደሙት ርዕደ መሬቶች ተምራ የሕንፃ ሕጓን አጥብቃ ነበር። ክትባቱም እንዲሁ ነው። በ2019 ኢዳይ የተባለው አውሎ ነፋስ የሞዛምቢኳን ቤይራ ካወደመ በኋላ ኮሌራ ቢነሣም በመጠባበቂያ የተቀመጠ ክትባት በሳምንታት ውስጥ ደርሶ ከ800,000 በላይ ሰዎች ተከተቡ፤ ወረርሽኙም በአጭሩ ተገታ። በኦክቶበር 2022 ግን የዓለም መጠባበቂያ ክምችት ከመመናመኑ የተነሣ በሁለት ዙር ይሰጥ የነበረው ክትባት በአንድ ዙር እንዲወሰን ተደርጓል።

የውኃና የንጽሕና ባለሙያ፦

በጎ ፈቃደኞች ናቸውና ባንግላዴሽን ሳያነሡ እንዳይጨርሱ። በኖቬምበር 1970 በዚያች ምድር የደረሰው አውሎ ነፋስ በትንሹ 300,000 ሰዎችን ገደለ። ከዚያ በኋላ በቀይ ጨረቃ ማኅበርና በመንግሥት ትብብር የመንደር በጎ ፈቃደኞች ተደራጁ፤ ማስጠንቀቂያው ሲመጣ በብስክሌት እየዞሩ፣ ድምፅ ማጉያ ይዘው ሰውን ወደ መጠለያ ያወጣሉ። በሜይ 2020 አምፋን የተባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ ሲመጣ፣ ያውም በኮቪድ ወቅት፣ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰዎች አስቀድመው ተነሡ፤ በባንግላዴሽ የሞቱትም በአሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው።

ይህ በአንድ ጊዜ የመጣ አይደለም። በ1991 ሌላ አውሎ ነፋስ ወደ 140,000 ሰዎች ሲገድል፣ በጎልማሶች መካከል ከሟቾቹ የሚበዙት ሴቶች ነበሩ። መጠለያዎቹ ለሴቶች የተለየ ክፍልም መጸዳጃም ስላልነበራቸው፣ ወንድ ከቤት ሳይኖርም ለመውጣት የሚያመነቱ ብዙዎች ስለነበሩ፣ ማስጠንቀቂያውን ሰምተው ቤታቸው የቀሩ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የተሠሩት መጠለያዎች ይህን ታሳቢ አደረጉ፤ በየመንደሩ እየዞሩ ከሚያስጠነቅቁት በጎ ፈቃደኞችም ዛሬ ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው።