ጂቲ 86 ባሕር ዳር ውስጥ ስንት ሚሊ ሜትር ዝቅ ቢል ይሻላል? የሞላ ምርጫ

ጣና_ዳር86፦

ሰላም ለቤቱ። መኪናው ቶዮታ ጂቲ 86፣ የ2013 ሞዴል፣ ማንዋል ነው። 96 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዷል፤ ሞላውም ሾኩም የፋብሪካው ነው። ጎማው 215/45፣ ቸርኬው 17። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለውን ክፍተት መቀነስና ኩርባ ላይ ማዘንበሉን ማሳነስ እፈልጋለሁ። የሚሄደው በአብዛኛው ከተማ ውስጥ ነው፣ ከአባይ ማዶ መሃል ከተማ። በወር ሁለቴ ጎንደር፣ አልፎ አልፎ በደጀን በኩል አዲስ አበባ። 25፣ 35 ወይስ 45 ሚሊ? የድሮው ሾክ ይችለዋል? ጋራዥ ውስጥ «አንድ ዙር እንቁረጠው፣ በነፃ ይወርድልሃል» የሚሉም አሉ።

ሞላና_ሾክ፦

«ስንት ይውረድ» ብለህ ከጀመርክ ተሳስተህ ነው የምትገዛው። ጥያቄው ከወረደ በኋላ ጎማው ወደ ላይ የሚሄድበት ስንት ሚሊ ይተርፋል ነው።

ለማስረዳት ድፍን ቁጥር እንያዝ፤ የመኪናህ ልክ ነው አላልኩም። የፊት አንዱ ሞላ 300 ኪሎ ተሸክሟል እንበል፣ ጥንካሬው በሚሊ ሜትር 2.5 ኪሎ። መኪናው ቆሞ ሞላው 120 ሚሊ ተጨምቋል ማለት ነው። ባምፕ ስቶፑን (ሾኩ አገዳ ላይ ያለችውን ጎሚኒ) እስኪነካ 80 ሚሊ ቀርቶታል እንበል። ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ሞላው በዚያ 80 ሚሊ ተጨማሪ 200 ኪሎ ይችላል። መኪናውን በ30 ሚሊ ስታወርደው የሚተርፈው 50 ሚሊ ብቻ ነው። ያንኑ 200 ኪሎ በ50 ሚሊ ውስጥ ለመቻል ሞላው 4 ኪሎ በሚሊ መሆን አለበት፤ 60 በመቶ ይጠነክራል። በ20 ሚሊ ብታወርደው ግን 60 ሚሊ ይተርፋል፣ 3.3 ይበቃል፣ አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ።

ይሄ ወገብ ላይ ሲመጣ እንዲህ ነው። በ2.5 አካሉ በሰከንድ 1.4 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል፣ በ3.3 ወደ 1.7፣ በ4 ወደ 1.8። 1.8 አስፋልት ላይ ደስ ይላል፣ ኮብልስቶን ላይ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ስለዚህ ካታሎግ ላይ «35 ሚሊ ዝቅ፣ ምቾቱ እንደነበረ» የሚል ሞላ ስታይ ተጠራጠር። ምቾቱ እንደነበረ ከሆነ አልጠነከረም፤ ካልጠነከረ በየጉድጓዱ ጎሚኒው ላይ ይቀመጣል። ጎሚኒው ሲመታ መኪናው በድንገት ሞላ የሌለው ይሆናል፤ ኩርባ መሃል ከደረሰ ደግሞ ጎማው መያዙን ይለቅቃል።

የኔ መልስ፦ ከ20 እስከ 25። 35 ለባሕር ዳር ብዙ ነው። 45ን እርሳው።

ቁልፍ_17፦

ከላይ በተባለው ላይ ሰዎች የሚዘሉት ነገር አለ፦ ወደ ታች ያለው ጉዞ። በዚያው ምሳሌ እንሂድ። ጎማው ተንጠልጥሎ ሾኩ ሙሉ እስኪዘረጋ 80 ሚሊ ቢሆን፣ የፋብሪካው ሞላ ያኔም 40 ሚሊ ተጨምቆ ይቀራል፣ አይላላም። የ4 ኪሎው ሞላ ግን ቆሞ ሳለ የተጨመቀው 75 ሚሊ ብቻ ነው፤ በ30 ሚሊ ስለወረደ ደግሞ ሾኩ ወደ ታች 110 ሚሊ ይዘረጋል። 35 ሚሊ ክፍተት ተፈጠረ። መኪናው ቦይ ሲሻገር አንድ ጎማ ሲንጠለጠል ሞላው ከመቀመጫው ይነሳና ተዟዙሮ ይቀመጣል። «ቋ» የሚለው ድምፅ ያ ነው።

አምራቾች በሁለት መንገድ ይፈቱታል። አንዱ፣ ጥቂት ዙሮችን አቀራርበው ለስላሳ ያደርጓቸዋል፤ መኪናው ሲቆም እነሱ ተዘግተው ይቀመጣሉ፣ ሲንጠለጠል ተዘርግተው ሞላውን ይይዙታል። ሌላው ሾኩን ማሳጠር ነው። ከቢልስታይን ሾኮች ቢ6 ለፋብሪካው ቁመት፣ ቢ8 ዝቅ ላለ መኪና ያጠረው ነው። ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ላይ ቢ6 ገዝተው የሚገጥሙ ብዙ ናቸው።

የድሮው ሾክ ይችለዋል ወይ ላልከው፦ 96 ሺህ የሄደ ሾክ የፋብሪካውን ሞላ እንኳ መቆጣጠሩ ያጠራጥራል። የሾክ ሥራ የተጨመቀው ሞላ ሲመለስ መያዝ ነው፤ ሞላው በጠነከረ ቁጥር አመላለሱ ይበረታል። በተጨማሪ የፒስተኑ መደበኛ ቦታ 25 ሚሊ ወደ ታች ስለሚወርድ ሲሠራበት ከኖረው ቦታ ውጭ ይሠራል፤ የደከመው የዘይት መዝጊያ ጎሚኒ (ሲሉ) ቶሎ ዘይት ማፍሰስ ይጀምራል። ሁለቱን አንድ ላይ ለውጥ፤ የሚፈታው አንድ ዓይነት ስለሆነ የእጅ ዋጋም ሁለቴ አትከፍልም።

ጎማ_ፊት፦

ስለ ሞላ አምራቾች ስም ካነሳን፦ አይባህ ውስጥ ፕሮ-ኪት ቀለል ያለው፣ ስፖርትላይን ብዙ የሚያወርደው ነው። ቴይን ውስጥ ኤች-ቴክ ቀለል ያለ፣ ኤስ-ቴክ ብዙ የሚያወርድ። ከሁለቱም ቤት የመጀመሪያውን ያዝ። የሚሸጥልህ ሰው በሥዕል ብቻ ከላከልህ አትቀበል። ሞላው ገላ ላይ የታተመውን ቁጥር አስነብበውና ከአምራቹ ዝርዝር ጋር አስተያየው፤ ያንተ የሻሲ ኮድ ዜድኤን6 ነው፣ አዲሱ ጂአር 86 ደግሞ ዜድኤን8። «ለ86 ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም። የፊትና የኋላ ቁጥር ይለያያል፤ አራቱም በአንድ ቁጥር ከመጡ አንድ ነገር ተበላሽቷል።

ለመቁረጡ ነገር፦ ተወው። አምስት የሚሠራ ዙር ካለው ሞላ አንዱን ስትቆርጥ ጥንካሬው በ25 በመቶ ይጨምራል፤ ይሄ እውነት ነው፣ «ቆርጠን እኮ ጠነከረ» የሚሉትም ለዚህ ነው። ግን የወረደበት ልክ የሚፈልገው ከዚያ በላይ ነው። የተቆረጠው ጫፍ መቀመጫው ላይ ያለውን ጎማ በሹል ይበላዋል፤ ቀለሙ ስለተነሳ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል፣ ስንጥቁም ከዚያው። በጋዝ ከቆረጡት ደግሞ ብረቱ ሙቀት አግኝቶ ጥንካሬውን ያጣል፣ በወራት ውስጥ አንዱ ጎን ያዘነብላል። የነዳጅ መኪና ማስገባት በተከለከለበት ጊዜ 86 ላይ ግራይንደር ማስጠጋት ድፍረት ነው።

ኮብልስቶን፦

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት በፎም ሞክረው። 25 ሚሊ ውፍረት ያለው ፎም ቆርጠህ ከመኪናው ሆድ ዝቅተኛው ቦታ ላይ በጠንካራ ፕላስተር ለጥፍ፤ ከማርሚታው አርቀህ፣ ይቃጠላል። ሌላ ቁራጭ ከፊት ፓራውልቱ ከንፈር ስር። ለአንድ ሳምንት የዘወትር መንገድህን ሂድ፣ አንድ ቀን ሦስት ሰው ጭነህ። ፎሙ የተቀደደበት ቦታ ብረትህ የሚቀደድበት ነው። የ86 የመሬት ክፍተት 130 ሚሊ አካባቢ ነው፣ በሁለቱ አክስል መካከል 2,570 ሚሊ ርዝመት አለ። በ25 ስታወርደው 105 ይቀራል። የፊት ጎማ ከስፒድ ብሬከሩ ሲወርድ አፍንጫው ሌላ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ይሰምጣል። 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለውና አናቱ ጠባብ የሆነውን ጉብታ ቀጥ ብለህ አታልፈውም፤ በሰያፍ ካልሆነ።

ከዚያ ደግሞ የአባይ በረሃ አለ። በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱ ይሞገዳል። እዚያ የሚያስቸግርህ ጉድጓድ ሳይሆን ሞገድ ነው፤ ሁለቱም የፊት ጎማዎች አንድ ላይ ይጨመቃሉ። ቁልቁል ፍሬን ይዘህ ከሆነ አፍንጫው አስቀድሞ ሰምጧል።

እኔ ብሆን መጀመሪያ አዲስ ሾክ፣ ጥሩ ጎማና አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) አደርግና ሞላውን ኋላ አስብበታለሁ። ማዘንበሉን ብቻ መቀነስ ከሆነ ወፈር ያለ ስታቢላይዘር ባር (የግራና ቀኝ ጎማን የሚያያይዘው ዘንግ) ቁመት ሳይነካ ይሠራል።

ጣና_ዳር86፦

እናመሰግናለን። ፎሙን ነገ እለጥፋለሁ። ጋሼ ቁልፍ 17፣ ገጠማው ላይ የሚሳሳቱት የት ነው?

ቁልፍ_17፦

ሁለት ቦታ ነው የሚሳሳቱት፤ የቀረው የተለመደ ሥራ ነው።

አንደኛው የመሃል ዳዶ። የፊቱ ሾክ ከላይ፣ ቦኔቱ ስር፣ በሦስት ትናንሽ ዳዶ ነው የተያዘው። እነሱ ይፈታሉ። መሃል ላይ ያለውን ትልቁን ሾኩ ወጥቶ፣ ሞላው በመጭመቂያ ተይዞ፣ ከመቀመጫው ላልቶ በእጅ ሲሽከረከር እስክታይ ድረስ አትንካው። መጭመቂያው በሁለት ተቃራኒ ጎን፣ አንዱን ጥቂት ዙር፣ ሌላውን ጥቂት ዙር፤ አንዱን ብቻ አጥብቀህ ከሄድክ ሞላው ይጎብጥና ያመልጣል። ፊትህን ከአናቱ አርቅ። መኪናውን በክሪክ ብቻ አትተወው፣ ድንጋይም አታስደግፍ፤ የብረት መቆሚያ ይግባበት። ሾኩን ከማውጣትህ በፊት የፍሬን ቱቦውንና የኤቢኤስ ሽቦውን ከላዩ አላቅ፤ የጎማው ማቀፊያ ሲንጠለጠል በጥሶት ይሄዳል።

ሁለተኛው፣ አብዛኛው ሰው የማያውቀው፣ የኋላ እጆች (ጎማውን ከሻሲው የሚያያይዙት ዘንጎች) ቡሎን ነው። በውስጣቸው ያለው ጎሚኒ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ አይሽከረከርም፣ ይጠመዘዛል። መኪናው ተንጠልጥሎ ካጠበቅከው፣ መሬት ሲነካ ጎሚኒው ሁልጊዜ ተጠምዝዞ ይኖራል፤ በጥቂት ወራት ይቀደዳል፣ ቁመቱም ከታሰበው ከፍ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ የፈታኸውን ቡሎን በእጅ ያዝ፤ ክሪኩን ከታችኛው እጅ ስር አስገብተህ ጎማው መሬት ላይ ወዳለበት ቁመት አንሳ፤ ያኔ አጥብቅ። የማጥበቂያውን ልክ ከመኪናው ማንዋል አንብብ። የጎማው ዳዶ 120 ኒውተን ሜትር ነው፣ በኮከብ ቅደም ተከተል።

የባምፕ ስቶፑ ጎሚኒ ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ አዲስ ግዛ። ይቆረጥ አይቆረጥ የሚለውን ከሞላው ጋር የሚመጣው ወረቀት ይነግርሃል፤ ካልተባለ አትቁረጥ።

አላይመንት በዚያው ቀን አታሠራ። 200 ወይም 300 ኪሎ ሜትር ሂድና ሞላው ይቀመጥ። 86 ላይ የኋላው ቶ (ጎማው ከላይ ሲታይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ) በፋብሪካው ቡሎን ይስተካከላል፣ ካምበሩ (ጎማው ከፊት ሲታይ ወደ ጎን ማዘንበሉ) ግን አይስተካከልም። 25 ሚሊ ስታወርድ የኋላው ካምበር ወደ −2 ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል። ቶው ትክክል ከሆነ በዚህ መኖር ይቻላል፤ ጎማ በአጭር ጊዜ የሚበላው ቶ ነው። ፊት ላይ ግራና ቀኝ ከተለያየ ሾኩ ከማቀፊያው በሚታሰርበት የላይኛው ቀዳዳ የካምበር ቡሎን ይገባል።

ሞላና_ሾክ፦

አንድ ጨምር። ቁመቱን ከመፍታትህ በፊትም በኋላም ለካ፤ ከመሬት ሳይሆን ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ፣ አራቱንም። ከመሬት ከለካህ የጎማ ንፋስ ያሳስትሃል። ፊትና ኋላ እኩል ካልወረዱ የፊት መብራቱም ይዛባል፦ ኋላው ከፊቱ 5 ሚሊ በልጦ ቢወርድ 50 ሜትር ላይ ብርሃኑ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ማታ ከጎንደር ስትመለስ ከፊትህ የሚመጣው ሾፌር ሳያበራብህ፣ ግድግዳ ፊት አቁመህ አስተካክለው።