አድዋ፦ እግዚአብሔር ተዋጋልን ወይስ አባቶቻችን ተዋጉ?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያ ይኼ ነው። አንድ አባላችን «አድዋን ለልጆች ስናስተምር ‹እግዚአብሔር ተዋጋልን› ማለት የአባቶችን ድካም መንጠቅ ነው» ብሏል። ትስማማላችሁ?

የአንኮበር ልጅ፦ በፍጹም! አፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. መስከረም ያስነገሩት የክተት አዋጅ የሚጀምረው እግዚአብሔርን በመጥራት ነው። አቡነ ማቴዎስ አብረው ዘመቱ፣ የጊዮርጊስ ታቦት ወጣ፣ ውጊያውም የሆነው በጊዮርጊስ ቀን፣ የካቲት 23 ነው። ዘማቾቹ ራሳቸው የመሰከሩትን እኛ ከየት አምጥተን እናስተባብላለን?

የታሪክ መምህር፦ ወንድሜ፣ ያልከውን አልክድም። ግን አድዋ ላይ በቁጥር የበለጥነው እኛ ነን። ጣሊያን 17 ሺህ ገደማ ነበር፤ የእኛ ወደ 100 ሺህ ይገመታል። ምኒልክ ለዓመታት ጠመንጃ ሲገዙ ነው የኖሩት። ጣሊያን የያዘውን የመቀሌን ምሽግ ያስለቀቀው የውኃው ምንጭ መያዝ ነው፤ ያ ደግሞ የእቴጌ ጣይቱ ብልሃት ነው። የጣሊያን ጦር አዛዥ ባራቲየሪ ጦሩን በሌሊት ሲያንቀሳቅስ የያዘው ንድፍ ካርታ የኪዳነ ምሕረትን ኮረብታ ያለቦታው ስላስቀመጠ ከጄኔራሎቹ አንዱ አልቤርቶኔ ከሌሎቹ ተነጥሎ ወደ ፊት ገባ፤ ብቻውን ተከበበ። ይህን ሁሉ ዘልለን «ተአምር ነው» ካልን ልጆቹ ምን ይማራሉ?

ወለተ ኪዳን፦ መምህር፣ ጣይቱ ምንጩን ያስያዙት ጸሎታቸውን ትተው ነው እንዴ? ሁለቱን ማን አጣላቸው? የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም ሲመጣበት የይሁዳው ንጉሥ ሕዝቅያስ የምንጮቹን ውኃ ደፈነ፣ የፈረሰውን ቅጥር ጠገነ፣ ጋሻና መሣሪያ አሠራ። የዛቻው ደብዳቤ ሲደርሰው ደግሞ ወደ ቤተ መቅደስ ወጥቶ በእግዚአብሔር ፊት ዘረጋው። ያው አንድ ሰው ነው።

የወሎው፦ ሙስሊሙም ዘምቷል፤ አላህን ይዞ። ለእኛም «ግመልህን እሰር፣ ከዚያ በአላህ ተመካ» ነው የተባለው። በዚህ ላይ ከእህቴ ጋር ነኝ።

የታሪክ መምህር፦ እሺ፣ ማይጨውስ? በ1928 ያ ሕዝብ አልጸለየም? የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን እየዘነበበት ያለቀው ሠራዊት እምነት ጎድሎት ነው? አድዋን የጸሎት ዋጋ ካደረግነው፣ ማይጨው የወደቁትን ሁለተኛ ገደልናቸው ማለት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

ወለተ ኪዳን፦ እኔንም ያንገበግበኛል፤ ስለዚህ «ያመነ ሁሌ ያሸንፋል» አልልም። ለንጉሡ ምስል ካልሰገዳችሁ የተባሉት ሠለስቱ ደቂቅ እሳቱ ፊት «አምላካችን ያድነናል» ብለው አላበቁም፤ «ባያድነንም ለምስሉ አንሰግድም» አሉ። አቡነ ጴጥሮስን ይመልከቱ። አርበኞችን እንዲያወግዙ፣ ሕዝቡን ለጣሊያን እንዲያስገዙ ተጠየቁ፤ እምቢ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተደበደቡ። ያዳናቸው አልነበረም። ነጻነቱ የመጣው በ1933 ነው፤ እርሳቸው አላዩትም። በእግዚአብሔር መታመን የምለው ይህን ነው። ይህን ከትምህርቱ አውጥተን «ደፋር ሰው ነበሩ» ብለን ልናልፍ ነው?

የአንኮበር ልጅ፦ እኔ ግን የጊዮርጊስን ቀን በአጋጣሚ አልቀበልም።

የታሪክ መምህር፦ በአቡነ ጴጥሮስ አልከራከርሽም፣ እህቴ። ካርታውን ግን ማስተማሬን አልተውም።

ወለተ ኪዳን፦ ያስተምሩ እንጂ፣ ማን ከለከለዎት? ልጆቹ ግን አንድ ነገር ይጠይቁዎታል። ከውጊያው በፊት በነበሩት ቀናት የምኒልክ ሠራዊት ስንቅ እያለቀበት ነበር፤ ያን ሁሉ ሕዝብ ሳይበተን ምን ያዘው? የጠመንጃው ብዛት ነው የሚሏቸው?