ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ፦ የተክል ቁራጭን ቤት ውስጥ ሥር ማስያዝ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

ውድ አባላት፣ ባለፈው የተክል መለዋወጫ ቀናችን ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው አልነበረም። ሁሉም ሁለት ሦስት ቁራጭ በእርጥብ ወረቀት ጠቅልሎ ሄዷል። ከወር በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ ስጠይቅ ግን መልሱ አንድ ዓይነት ሆነብኝ፤ አንዱ ያዘ፣ ሌላው ጠቆረ። ለምን ጠቆረ ስል የሚነግረኝ አጣሁ። የእኔም ሁለቱ ሞተዋል፣ ምክንያቱን አላውቀውም። አባሎቻችን ለዓመታት ከተንከባከቧቸው ተክሎች ላይ የተቆረጡ ስለሆኑ ነገሩ ከንክኖኛል።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤ አንድ ሐሳብ አብረን እናዘጋጅ። ረቂቄ ይህ ነው፦ ፈቃደኛ የሆነ አባል ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይጀምራል። ሁላችንም የምንይዘው ሦስት ተክል ይሆናል፤ ኮሌየስ (ቅጠሉ ባለ ብዙ ቀለም የሆነው)፣ ፖቶስ (ሐረግ የሚጥለው የቤት ውስጥ ተክል) እና ጽጌረዳ። ከየዓይነቱ ግማሹ ውኃ ውስጥ፣ ግማሹ አፈር ውስጥ ይቀመጣል። 8 ሳምንት እንከታተልና በየሳምንቱ ያየነውን እንጽፋለን። ጨምሩበት፣ ቀንሱለት።

የጽጌረዳ ቡድን አስተባባሪ፦

ጸሐፊያችን፣ ሐሳቡን ከልቤ እደግፋለሁ። የማልስማማበት አንድ ነገር አለ፤ ጽጌረዳን ውኃ ውስጥ አናስቀምጥ። አልፎ አልፎ ይይዛል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ሥር ሳያወጣ ግርጌው ይበሰብሳል። ኮሌየስ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ሥር ያሳያል። ጽጌረዳ ግን ከ4 እስከ 8 ሳምንት ሊፈጅበት ይችላል፤ ያን ያህል ጊዜ ውኃ ውስጥ ቆሞ የሚታገሠው ጥቂቱ ነው።

ሌላው፣ ከየትኛው የቅርንጫፍ ክፍል እንደምንቆርጥ ረቂቁ አይናገርም። ለጽጌረዳ ግን ዋናው እሱ ነው። ለጋው ጫፍ ቶሎ ይጠወልጋል፤ ያረጀው እንጨት ደግሞ ሥር ለማውጣት ይዘገያል። ጥሩው አበባው ገና የረገፈበት ዘንግ ነው። ስታጎብጡት በመጠኑ ይታጠፋል እንጂ አይልፈሰፈስም፤ እሾሁም በአውራ ጣት ወደ ጎን ሲገፋ ቀጭ ብሎ ይነሣል። ከዚያ ላይ 15 ሴንቲሜትር ያህል ይወሰድ፤ ታችኛው ቆረጣ ልክ ከአንጓው (ቅጠል ከሚወጣበት ቦታ) በታች ይሁን፣ ከላይ ሁለት ቅጠል ብቻ ይቅር። እንቡጥ ካለበት ይነቀል፣ አለዚያ ቁራጩ ያለችውን ስንቅ አበባው ላይ ይጨርሳታል።

አዲስ አባል፦

ሰላም ለሁላችሁ። ማኅበሩን ከተቀላቀልኩ ገና ጥቂት ወራት ስለሆነኝ የምናገረው ያጠፋሁትን ነው፤ ምናልባት ለዕቅዱ ይጠቅም ይሆናል።

ከመለዋወጫው ቀን የወሰድኩትን ጽጌረዳ ማለዳ ማለዳ ከአፈሩ ቀስ አድርጌ እያወጣሁ እመለከተው ነበር። በ19ኛው ቀን ግርጌው ላይ ነጭ፣ እብጥ እብጥ ያለ ነገር አየሁ። እንደ ጨው ፍሬ ሻከር ያለ ነው። ሥር መስሎኝ በደስታ ወደ ትልቅ ሸክላ አዛወርኩት፤ ውኃም በደንብ አጠጣሁት። ቅጠሎቹ አረንጓዴ እንደሆኑ ሌላ አሥር ቀን ቆዩ። ከዚያ በአንድ ቀን ውስጥ ተንጠለጠሉ። ሳወጣው ግርጌው ጥቁር ነበር፣ ልጣጩ በጣቴ መካከል እንደ እርጥብ ወረቀት ተገፈፈ። ያ ነጭ ነገር ምን ነበር? ቅጠሉስ ያለ ሥር እንዴት ያን ያህል ጊዜ ለምልሞ ቆየ?

ነባር አባል፦

ልጄ፣ ይሄን መጻፍሽ ትልቅ ነገር ነው። ያየሽው ነጭ እብጠት ካለስ ይባላል፤ ተክሉ ቁስሉን የሚዘጋበት ሕዋስ ነው። ቁራጩ በሕይወት እንዳለ ይነግርሻል እንጂ ሥር ማውጣቱን አያረጋግጥም። ቅጠሉ የቆየው ዘንጉ ውስጥ በተጠራቀመ ስንቅና በቁስሉ በኩል በሚገባ ጥቂት ውኃ ነው። በየማለዳው ማውጣቱ ደግሞ ብቻውን ሊገድለው ይበቃ ነበር፤ አዲስ ሥር ሲወጣ እንደ ክር ስለሚሳሳ በአንድ መሳብ ይበጠሳል።

አሁን ወደ ረቂቁ ልምጣ። እኔ «ውኃ ወይስ አፈር» የሚለው ጥያቄ አይመቸኝም። ሥር የሌለው ቁራጭ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ቅጠሉ እንዳይደርቅ እርጥበት፣ ግርጌው እንዳይታፈን አየር። ቅጠሉ ውኃ ማትነኑን አያቋርጥም፤ ከታች የሚተካለት ግን የለም። ስለዚህ ይጠወልጋል። እኛ ደግሞ የጠወለገ ስናይ እጃችን ወደ ውኃው ይሄዳል። አፈሩ ውስጥ አየር የነበረበት ቀዳዳ ሁሉ በውኃ ይሞላል። ሥር ለመሥራት ኦክስጅን የሚያስፈልገው ግርጌ ይታፈናል፣ መበስበስ ይጀምራል፣ የበሰበሰው ግርጌ የባሰ ውኃ መሳብ ያቅተዋል፣ ቅጠሉ የባሰ ይጠወልጋል፣ እኛም እንደገና እናጠጣለን። ብዙዎቻችሁ የጠቆረባችሁ በዚህ መንገድ ይመስለኛል። የእኔም ለብዙ ዓመት እንዲሁ ነበር።

መድኃኒቱ እርጥበቱን ከታች ሳይሆን ከላይ መስጠት ነው። ቅጠል መቀነስ፤ ቅጠሉ ሰፊ ከሆነ ግማሹን በመቀስ መቁረጥ። ከዚያ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ መሸፈን፤ ፕላስቲኩ ግን ቅጠሉን አይንካ፣ በየቀኑም ለጥቂት ደቂቃ ይከፈት። ቦታው ብሩህ ይሁን እንጂ ቀጥተኛ ፀሐይ አይድረስበት፤ በፕላስቲክ ሥር ፀሐይ የመታው ቁራጭ ይቀቀላል። ቁራጩ የሚተከልበት መያዣ ከጓሮ የመጣ አፈር አይሁን። ፐርላይት (ቀላል ነጭ የድንጋይ ጠጠር) እና ኮኮፒት (የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ) እኩል ለእኩል፣ እሱ ከሌለ የታጠበ ሻካራ አሸዋ። ማዳበሪያ አያስፈልገውም፤ ሥር ለሌለው ተክል ጨው ነው የሚሆንበት። ውኃው ልክ መሆኑን ለማወቅ ድብልቁን ጭብጥ አድርጋችሁ ጭመቁት፤ አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ በቂ ነው፣ ከፈሰሰ በዝቷል። ሙቀቱ ከግርጌው በኩል ከ21 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ሥሩ ይፈጥናል።

ስለዚህ ረቂቁ ላይ «አፈር» የሚለው ይሰረዝና የሁላችንም መያዣ አንድ ዓይነት ይሁን። ያለዚያ አንዱ ጭቃ፣ ሌላው አሸዋ ይጠቀምና ውጤቱን ማነጻጸር አንችልም። ብርሃን የሚያሳልፍ ኩባያም እንጠቀም፣ ሥሩ በጎኑ ይታያል፤ ልጄም ማለዳ ማለዳ ማየት ትችላለች፣ ሳትነካው።

ለማስታወስ ያህል፣ ጄራኒየምና ቁልቋል የመሳሰሉት በዚህ ሕግ አይመሩም። እነሱ ሲሸፈኑ ይበሰብሳሉ፤ ጄራኒየም ጥቂት ሰዓት፣ ቁልቋል ደግሞ ለቀናት ቁስሉ ደርቆ ነው የሚተከለው። በዚህ ዙር አናስገባቸው።

የበረንዳ ተክሎች ቡድን አባል፦

ጋሼ፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ ውኃን ግን ጨርሰው እንዳይጥሉብን። ለፖቶስና ለኮሌየስ ውኃ ጥሩ ነው፣ በተለይ ለጀማሪ፣ ሁሉ ነገር ፊት ለፊቱ ስለሚታይ። ስህተቱ አጠቃቀማችን ላይ ነው። ብርጭቆውን እስከ አፉ እንሞላለን፣ ቅጠሉ ውኃ ውስጥ ይገባል፣ ውኃው ሳይለወጥ ሳምንት ይቆያል። አንድ አንጓ ብቻ ይጥለቅ፣ በሁለት በሦስት ቀን አንዴ ይለወጥ።

ጉዳቱ የሚመጣው ሲዛወር ነው። ውኃ ውስጥ የበቀለ ሥር ተሰባሪ ነው፣ ከአፈር ውኃ የሚስቡት ጥቃቅን ፀጉሮችም ያንሱታል። ስለዚህ ሥሩ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ሲደርስ እንትከለው፤ ሲጠላለፍና ሲረዝም አንጠብቅ። ከተተከለ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እርጥበቱ አይለየው። ይህን ካላካተትን ውኃ ውስጥ «ተሳካ» ብለን የመዘገብነው አፈር ላይ ይሞትብንና ሪፖርታችን ሰውን ያሳስታል።

የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ፦

አንድ ጥያቄ። ሰው ግርጌውን ማር ይነክራል፣ ቀረፋ ይነሰንሳል፣ የአኻያ ቅርንጫፍ የተዘፈዘፈበትን ውኃ ይጠቀማል። እነዚህንስ አንሞክርም? ሥር ማስወጫ ዱቄት ሆርሞን ከመግዛት ይሻላል የሚሉ አባላት አሉ።

የባዮሎጂ መምህርት የሆነች አባል፦

ጥያቄው ተገቢ ነው። ማር ውስጥ ሥር የሚያስወጣ ሆርሞን የለም። ቀረፋ ሻጋታን በመጠኑ ሊከላከል ይችላል፣ ሥር ግን አያስወጣም። የአኻያው ውኃ ውጤት ወጥ አይደለም፤ አኻያ ራሱ በቀላሉ ሥር የሚያወጣ ዛፍ መሆኑ ነው ዝናውን ያመጣለት።

ነገሩ የሚገባን ተክሉ ራሱ ከሚያደርገው ብንነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ሆላንዳዊው ፍሪትስ ዌንት በአጃ ቡቃያ ጫፍ ላይ የሠራውን ሙከራ አሳተመ፤ ከጫፉ ወደ ታች የሚወርድ፣ እድገትን የሚመራ ንጥረ ነገር እንዳለ አሳየ። ኦክሲን የምንለው እሱ ነው። በ1930ዎቹ ደግሞ ይኸው ኦክሲን ቁራጭ ሥር እንዲያወጣ እንደሚያነሣሣ ታወቀ። ጫፉና ለጋ ቅጠሉ ይሠሩታል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ የተቆረጠው ግርጌ ላይ መሄጃ ሲያጣ ይጠራቀማል። ቅጠል ጨርሰን የማንነቅለው፣ ቁራጩንም ዘቅዝቀን የማንተክለው ለዚህ ነው። ቅጠል የሌለው ዘንግ የታችና የላዩ ቶሎ ስለሚምታታ ከላይ አግድመን፣ ከታች ሰያፍ አድርገን እንቁረጥ።

በዱቄቱ ውስጥ በአብዛኛው ያለው ኢንዶል ቡቲሪክ አሲድ ነው። ለለጋ ቀንበጥ 0.1 በመቶ፣ ከፊል ለጠነከረው 0.3፣ ፈጽሞ ለጠነከረ እንጨት 0.8 የሚል የተለመደ መጠን አለ። ሲበዛ ግርጌውን ይጎዳል እንጂ አያፋጥንም፤ ስለዚህ ተነክሮ ትርፉ መራገፍ አለበት። ከማሸጊያው ውስጥም አንነክርም፤ ለብቻ ጥቂት እናፈስና የተረፈውን እንጥላለን፣ ያለዚያ የአንዱ በሽታ ለሁሉም ይዳረሳል።

የእኔ ሐሳብ፦ ፖቶስና ኮሌየስ ሆርሞን አያስፈልጋቸውም። ጽጌረዳው ሁሉ በአንድ ዓይነት መያዣ ይተከል፣ ግማሹ 0.3 በመቶ ዱቄት ይነካ፣ ግማሹ ምንም ሳይነካ ይቅር። በአንድ ዙር ብዙ ነገር ከለወጥን ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ አናውቅም። ማርና ቀረፋን ለሚቀጥለው እናቆያቸው።

የጽጌረዳ ቡድን አስተባባሪ፦

ይሄ የተሻለ ነው። ውኃ ውስጥ አናስቀምጥ ያልኩትን እንዲህ ብንለውጠው በጣም ደስ ይለኛል። አንድ ልጨምር፤ ቁራጮቹ በሙሉ ከአንድ እናት ተክል፣ ጤነኛ ከሆነች፣ ይምጡ። ቅጠሏ ላይ ቢጫ ዥጉርጉር መስመር ያለባት ጽጌረዳ ሞዛይክ ቫይረስ ሊኖርባት ይችላል፤ ከእሷ የተቆረጠው ሁሉ ይዞት ይሄዳል። ቢላውም ከተክል ወደ ተክል ሲሄድ በ70 በመቶ አልኮል ይጠረግ።

የበረንዳ ተክሎች ቡድን አባል፦

ለፖቶስም እንዲሁ አንድ ማስጠንቀቂያ ይግባ። ባለፈው ቅጠል ብቻ የወሰዱ ነበሩ። የፖቶስ ቅጠል ያለ አንጓ ውኃ ውስጥ ሥር ሊያወጣ ይችላል፣ ለረጅም ጊዜም አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ አዲስ ቀንበጥ ግን መቼም አያወጣም፣ ቡቃያው ያለው አንጓው ላይ ነውና። አንዲት እህታችን ዓመት ሙሉ ጠብቃዋለች።

አዲስ አባል፦

የሞተብኝንም ልጻፍ? ትንሽ ያሳፍራል።

ነባር አባል፦

ጻፊ እንጂ ልጄ። እኔ የምፈልገው እሱን ነው። የሞተውን ሳትጥሉ ግርጌውን በቢላ ሰንጥቃችሁ እዩት። ከታች ወደ ላይ ጠቁሮ ከለሰለሰ ውኃ በዝቶበታል ወይም ንጽሕና ጎድሎታል። ከላይ ወደ ታች ቡናማ ሆኖ ከደረቀ ከሽፋን ማነስ ሳይሆን አይቀርም። ግርጌው ነጭና ጠንካራ ሆኖ ሥር ብቻ ከሌለው ደግሞ አልሞተም፣ ቅዝቃዜ ይዞት ወይም ጊዜ አንሶት ነው፤ መልሳችሁ ትከሉት። በመዝገቡ ላይ ለዚህ አንድ ዓምድ ይከፈት።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

እሺ። የተስተካከለው ሐሳብ እንዲህ ይነበባል፦

ማኅበሩ የ8 ሳምንት የጋራ ሙከራ ያካሂዳል። እያንዳንዱ ተሳታፊ ከአንድ ምንጭ የመጣ 6 ፖቶስ፣ 6 ኮሌየስና 6 ጽጌረዳ ይረከባል፤ ሁሉም አንጓ ያላቸው ይሆናሉ። የፖቶስና የኮሌየስ ግማሹ ውኃ ውስጥ፣ ግማሹ ማኅበሩ በሚያዘጋጀው የፐርላይትና የኮኮፒት ድብልቅ ውስጥ ይቀመጣል። ውኃ ውስጥ ያለው ሥሩ 3 ሴንቲሜትር ሲሞላ ወደ ድብልቁ ይዛወራል። ጽጌረዳው በሙሉ ድብልቁ ውስጥ ተሸፍኖ ይቆማል፣ ግማሹ በሆርሞን፣ ግማሹ ያለ ሆርሞን። «ያዘ» የሚባለው በ8ኛው ሳምንት ቀለል ተደርጎ ሲሳብ የሚቋቋምና አዲስ ቅጠል የጀመረ ብቻ ነው። የሞተው ተሰንጥቆ ይታያል፣ የታየው ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ በመለዋወጫ ቀን ሥር ያልያዘ ቁራጭ የሚሰጥ አባል፣ ከሙከራው የተገኘውን አያያዝ በአንድ ገጽ ጽፎ አብሮ ይሰጣል።

የመጨረሻዋን አንቀጽ እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ የማይስማማ ይናገር።

የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ፦

እስማማለሁ። ገጹን ግን አንድ ጊዜ ማኅበሩ ያትመው፣ ሰው ሁሉ በየራሱ ከሚጽፍ።

የጽጌረዳ ቡድን አስተባባሪ፦

እኔም። ጉባኤው ካጸደቀው ዘንጎቹን በርክክቡ ቀን ማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ እቆርጣለሁ፤ ተክሉ ውኃ የጠገበው ያኔ ነው። ከዋዜማው ማታ እናት ተክሏን አጠጣታለሁ። እናንተ እርጥብ ጨርቅና ስም መጻፊያ ይዛችሁ ኑ፣ በተቆረጠ በሰዓታት ውስጥ ይተከል።

አዲስ አባል፦

ለሁሉም የሚሆን ብርሃን አሳላፊ ኩባያ እኔ አጥቤ፣ ከታች ቀዳዳ አበጅቼ አመጣለሁ። ስንት ሰው እንደምንሆን ብቻ ንገሩኝ።