«ለመሪነት በቁ» ማለት ምን ማለት ነው?

ጠመኔ፦
በማርች 8 የሬዲዮ ዝግጅት ስለ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ሲነገር «ከመምህርነት ተነሥተው ለመሪነት በቁ» ተባለ። ደሜ ፈላ። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን በዳይሬክተርነት የመሩ ሰው «የበቁት» እ.ኤ.አ. በ1957 ፓርላማ ሲገቡ ነው? አዳሪ ልጆች ያሉበትን ግቢ ማስተዳደር እኮ ቀለቡ፣ መኝታው፣ የመምህራኑ ድልድል፣ የታመመችው ልጅ፣ የወላጁ አቤቱታ ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያርፍበት ሥራ ነው። ይህ መሪነት ካልሆነ ምኑ ነው መሪነት?

አዲስ ዓለም፦
ወንድሜ፣ አንድ ቃል ላይ አትንጠልጠል። ስንዱን ፓርላማ ያስገባቸው መምህርነት አይደለም። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፤ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድና ፈረንሳይ ተምረዋል። መነን ትምህርት ቤት እንኳ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። «መምህርት መሪ ሆነች» ብለን ስናወራ የቤተሰቡን ድርሻ እየሸፈንን ነው።

የመነን ልጅ፦
የአባት ስም ጣሊያን አገር ካለው የአዚናራ ደሴት እስር ቤት አላዳናቸውም። ጣሊያን ሲገባ ወደ ጎሬ ወርደው ከአርበኞቹ ጋር የነበሩ፣ ተይዘው ባሕር ተሻግረው የታሰሩ ሰው ናቸው። ደግሞ ነገሩን በሥርዓቱ እንየው። በዚያን ዘመን ሁለት ምክር ቤት ነበረ። የሕግ መወሰኛውን ምክር ቤት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር፤ የሕግ መምሪያው ግን በሕዝብ ድምፅ ይሞላ ነበር። በዘር ቢሆን ኖሮ የቀረበው በር መወሰኛው ነበር። እሳቸው የገቡት በመምሪያው በኩል ነው። ፓርቲ የለ፣ የፓርቲ ዝርዝር የለ፣ ሰው የሚመርጠው የሚያውቀውን ስም ነው። አዲስ አበባ ላይ ሴት ልጁን መነን የላከ ወላጅ ደግሞ የዳይሬክተሯን ስም ያውቃል።

አዲስ ዓለም፦
እህቴ፣ ግማሹን ነው የነገርሽን። እ.ኤ.አ. የ1955ቱ ሕገ መንግሥት ዕጩ ለመሆን ንብረት ይጠይቅ ነበር። መራጭ 21 ዓመት ከሞላው ይበቃዋል፤ ዕጩ ግን 25 ሞልቶት ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። በዚያ ዘመን በደመወዝ ብቻ ከምትኖር መምህርት ውስጥ ስንቷ ይህን ታሟላለች? ያ ደንብ በሩን የከፈተው ለመምህርት ሳይሆን ንብረት ላላት መምህርት ነው። ለወይዘሮ ስንዱ ክብር አለኝ፤ ሙያውን ግን መሰላል አድርጋችሁ አትሳሉት።

ጠመኔ፦
«መሰላል» ያልኩት መቼ ነው? መሰላል ያደረገው «ተነሥተው» እና «በቁ» ያለው ጋዜጠኛ ነው። እኔ የምለው ሙያው ራሱ መሪነት ነው ነው።

ዳኛው፦
ስለ መሪነት ካነሣን፣ ወይዘሮ ስንዱ እ.ኤ.አ. በ1960 የመምሪያው ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነዋል። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ የወጣውም በዚያው ዓመት ነው። አንቀጽ 635ን አንብቡ፤ ባል የቤተሰቡ ራስ ነው ይላል፣ ሚስትም በሕጋዊ ነገር ሁሉ ትታዘዘው ይላል። ወንበር መያዝና መምራት ይለያያሉ።

የመነን ልጅ፦
ይህ ፍርድ አይደለም። በወንዶች የተሞላ ምክር ቤት ያወጣውን ሕግ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ትጭናለህ? 635ን ለማንሣት እስከ 1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2000) የቤተሰብ ሕግ ድረስ 40 ዓመት ፈጅቷል።

ዳኛው፦
የ1992ቱ አዋጅ 213 የሠራው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው። ክልሎች የየራሳቸውን እስኪያወጡ አሮጌው ሕግ ቆይቷል። ስትጠቅሱ በትክክል ጥቀሱ።

የመነን ልጅ፦
ተቀብያለሁ። በአንዲት ሴት ላይ መጫንህን ግን አልቀበልም።

ሮስተር፦
«በቁ» የሚለው ቃል ዛሬም ሰው እየጎዳ ስለሆነ ወደ ዛሬው እንምጣ። ከላይኞቹ ክፍሎች ይልቅ ሴት መምህራን በብዛት ያሉት ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ነው። በ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ እነዚህ ክፍሎች ሰልፍ ኮንቴንድ ሆኑ፤ አንዷ መምህርት ሁሉንም ትምህርት ቀኑን ሙሉ ትይዛለች። ላይኛው ክፍል ያለው መምህር ክፍት ፔሬድ አለው። ዩኒት ሊደር፣ የትምህርት ክፍል ተጠሪ፣ የወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ጸሐፊ የሚሆነው ያ ክፍት ፔሬድ ያለው ነው። የምክትል ርዕሰ መምህር ማስታወቂያ ሲወጣ «የአመራር ልምድ» ይጠየቃል። እሱ ሦስት ደብዳቤ ያቀርባል፤ እሷ 15 ዓመት ሮስተር (የተማሪ ውጤት መዝገብ) ሠርታ አንድም ደብዳቤ የላትም። ከዚያ «ብቁ ሴት ጠፋች» ይባላል።

አዲስ ዓለም፦
ለዚህማ ሕግ ወጥቷል። የፌዴራሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 515/1999 በ2010 ዓ.ም. እስኪተካ ድረስ እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ላመጣች ሴት ቅድሚያ ይሰጥ ነበር።

ሮስተር፦
ውጤቷ ተቀራራቢ የሚሆነው መጀመሪያ ለልምድ የሚሰጠውን ነጥብ ስታገኝ ነው። በልምዱ ዜሮ ከተሰጣት ቅድሚያው የሚሠራበት ቦታ ላይ አትደርስም። ቢያልፍላት እንኳ የመጀመሪያው ምደባ ከመኪና መንገድ የራቀ ትምህርት ቤት ይሆናል፤ ልጅ ያላት እምቢ ትላለች፣ ፋይሏ ላይ «ኃላፊነት አልቀበልም አለች» ተብሎ ይጻፋል።

ጠመኔ፦
አያችሁ? በ2011 ዓ.ም. ካቢኔው ግማሽ በግማሽ ሴት ሲሆን ፕሮፌሰር ሂሩት ወልደማርያም ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። የሥነ ልሳን መምህርት ናቸው፤ ማንም ግን «ከመምህርነት ተነሥተው» አላለም። ዩኒቨርሲቲ ስታስተምር «ምሁር»፣ አንደኛ ክፍል ስታስተምር «መምህርት ብቻ»።

አዲስ ዓለም፦
እሳቸው የተሾሙ ናቸው፣ ስንዱ የተመረጡ። ሁለቱን አታደባልቅ።

ጠመኔ፦
ከላይ «ቤተሰብ ነው ያስገባቸው» ያልከው አንተ ነህ። አሁን «የተመረጡ» ሆኑ?

አዲስ ዓለም፦
ሁለቱም ትክክል ነው። የተመረጡ ናቸው፤ ለመመረጥ የሚያበቃው ንብረትም ነበራቸው።

የመነን ልጅ፦
«የሚያበቃው»። ያንኑ ቃል መልሰህ አመጣኸው።

ሮስተር፦
እኔ አሁንም መልስ አላገኘሁም። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል የምታስተምር መምህርት በሳምንት ሁለት ክፍት ፔሬድ ይሰጣት ቢባል ክፍሉን ማን ይይዝላታል? የስፖርትና የሥነ ጥበብ ሰዓቱን ለሌላ መምህር መስጠት ይቻላል። ይህን የሚቃወም ካለ ምክንያቱን ይጻፍ።

ዳኛው፦
መምህር የለማ። ወረዳው ለስፖርት የሚቀጥረው ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ብቻ ነው።

ሮስተር፦
እንግዲያው የ5ኛ–8ኛ ክፍሉ የስፖርት መምህር ለሁለት ፔሬድ ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ይውረድ። ጭነቱ ይችላል።